ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው መኪና ሻጭ

በዚያ ረቡዕ ጠዋት በመኪናዋ ዙሪያ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። መካኒኩ ደግፌ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። የልጄ ልጅ ምሕረት ከጎኑ ቆማ እጁ ያረፈበትን ሁሉ በዓይኗ ትከተላለች። ደላላው ከድር የሾፌሩን በር ተደግፎ ቁልፉን በጣቱ ላይ ያሽከረክራል። የመኪናዋ ሻጭ ትዕግሥት ከኋላ በኩል፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። እኔ ከሁሉም ራቅ ብዬ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጥላ ይዤ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሸክም የያዘ ሰው ባለፈ ቁጥር አንዳችን ፈቀቅ እንል ነበር።

ያን ጊዜ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ እዚሁ መርካቶ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስሠራ ኖሬ በዕድሜ ወጣሁ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጆቼ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ሞተ። ስለ ራሴ የማውራት ልማድ የለኝም። ሰፈሬ ውስጥ «የእትዬ ብርሃኔ ቃል አንድ ነው» ይላሉ። ሲሉ እሰማለሁ፤ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ምሕረት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ ደሴ ስለምታስተምር ከእኔ ጋር ትኖራለች። ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ የተሻለ ሥራ ሰጣት፤ በየመድኃኒት ቤቱ እየዞሩ ትእዛዝ መቀበል ነው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነበር። የራሷ መኪና፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው፣ እስከ ሰኞ። ያጠራቀመችውንና እናቷ የላከችላትን ይዛ ስድስት ሳምንት መኪና ፈለገች። አንዷ በጣም አሮጌ በመሆኗ ሙሉ ዋስትና የሚሰጣት ጠፋ። ሌላዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዘዋወረ ስለነበር ኢንሹራንሶቹ ፊታቸውን አዞሩባት። ሦስተኛዋ ደህና ነበረች፤ ግን ሞተሯ ትልቅ፣ ነጂዋ ልጅ በመሆናቸው የዓመቱ ክፍያ የማይቀመስ ሆነ። ይህች ትንሿ ነጭ መኪና ግን ሁሉን ታሟላለች። ነዳጅ አትበላም፤ መለዋወጫዋም ሶማሌ ተራ በየሱቁ ይገኛል። ዋጋዋ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ለምን ዝቅ አለ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

«እትዬ፣ ይቺን መኪና አጥብቀው ይዩዋት» አለኝ ከድር። የወሎ ልጅ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። «ጨዋ ናት። ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ሌላ መንገድ አታውቅም።»

ደግፌ ከኮፈኑ ሥር ሳይወጣ፣ «ከድር ያመጣው መኪና ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው። አንዳቸውም ታክሲ ሆነው አያውቁም» አለ።

«አንተ ሞተሩን እይ፤ ሃይማኖቷን ለእኔ ተወው።»

«አንተ ሙስሊም ነህ፤ ስለ መሳለሟ ምን አገባህ?»

«ለዚያ ነው የማላዳላው።»

ምሕረት ሳቀች። ትዕግሥትም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደማቅ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ቀሚሱ አዲስ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር ከደረቷ እስከ ወገቧ ገና አልጠፋም። ማለዳ ተነሥቶ መኪና ለመሸጥ እንዲህ መልበስ ለምን እንዳስፈለጋት አሰብኩ። መልሱን ላለማግኘትም ሞከርኩ መሰለኝ።

ደግፌ ፍሪሲዮኗ ደህና እንደሆነ፣ የፊት ጎማዎቿ ግን መቀየር እንዳለባቸው ተናገረ። «ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አታገኚም» አላት ምሕረትን። ከዚያ ትርፍ ጎማውን ማየት ፈለገ። ትዕግሥት የኋላውን ከፍታ ምንጣፉን ለማንሣት እጇን ዘረጋች። በዚያን ጊዜ ከቢጫው እጅጌ ውስጥ ጥቁር እጅጌ ብቅ አለ። በፍጥነት ወደ ውስጥ መለሰችው። ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም።

እዚያው አጥሩ ሥር አንድ ነጋዴ በር ላይ ያስቀመጠው ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ምሕረት መጥታ፣ «እማማ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ፀሐዩ ነው» አልኳት። ጥላ ውስጥ ነበርኩ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምሕረት ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደዚያ ቀን ፊቷ በርቶ አላየሁትም። እርግጠኛ አይደለሽም አልኩ ለራሴ። ጥቁር የሚለብሰው ሐዘንተኛ ብቻ ነው ወይ አልኩ። ተነሥቼ ተከተልኳቸው።

የኢንሹራንሱ ቢሮ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደግፌ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አራታችን ወጣን። ያስተናገደን ልጅ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ነው። የመኪናዋን ሊብሬ ተቀብሎ አገላበጠ።

«ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

«የባለቤቴ» አለች ትዕግሥት።

«እሳቸው አልመጡም?»

«ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ውክልና ሰጥቶኛል» ብላ ሌላ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

ልጁ አነበበው። «መሸጥ መለወጥንም ያካትታል። ጥሩ ነው። ዛሬ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ከተፈራረማችሁ ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ ዋስትናውን በእሷ ስም እናዘጋጃለን።» ከዚያ ወደ ምሕረት ዞረ። «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሰባት ወር።»

«መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ዕቃዋ አይጠፋም፤ እሷ ችግር የለባትም። የምታስወድጂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ገና ምንም። እሱን ነው የምንፈራው።»

ከድር ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ሳቀ። ልጁ አዲስ ነጂ አደጋ ሲያደርስ ከጥገናው ከፍ ያለውን ድርሻ ራሱ እንደሚችል፣ ሁለት ዓመት በሰላም ከነዳች ግን ክፍያው እንደሚቀንስ አስረዳት። ምሕረት ሁሉን ደብተሯ ላይ ጻፈች። እኔ የትዕግሥትን እጆች አያለሁ። እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ሥር ስባው ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ውክልናውን የሰጠው ሰው ቢሞትስ?»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የትኛው ሰው? የዚህች መኪና ባለቤት?»

«እንዲያው በጠቅላላው ነው የምልህ።»

«ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይቀበራል፣ እማማ። ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት የተሸጠ ነገር ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። መኪናው የገዢው ካልሆነ ደግሞ የእኛ ሰዎች ላለመክፈል ምክንያት ያገኛሉ። ገዢው ከነአደጋው ብቻውን ይቀራል።»

«እማማ ሁልጊዜ ከክፉው ነው የምትጀምረው» አለች ምሕረት ለልጁ። ትዕግሥት ሊብሬውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ስንወጣ ምሕረትና ከድር ቀድመው ወረዱ። የደረጃው መደገፊያ ብረት ተነቅሏል። ትዕግሥት ከአጠገቤ ቀረችና፣ «እትዬ፣ እጄን ይያዙ» አለችኝ። ያዝኳት። ከቢጫው ሥር ያለው ወፍራም ጥቁር ጨርቅ በእጄ ተሰማኝ። አራት አምስት ደረጃ ያህል ወረድን።

«አርባው ወጣ?» አልኳት።

እጇን አልነጠቀችኝም። ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመች።

«ነገ ሐሙስ ሁለት ሳምንቱ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «በምን አወቁ?» አለችኝ።

«እጅጌሽን አየሁት።»

«ጥቁሩን ማውለቅ አልሆንልሽ አለኝ። ቢጫውን ከላይ ደረብኩበት።»

«እኔ አውልቄው ነበር» አልኳት።

የምለው አልገባትም። ቃላቱን እያጣደፈች መናገር ጀመረች። «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ እትዬ። ፍርድ ቤት ሚስትነቴንና የልጆቼን ወራሽነት እስኪያረጋግጥልኝ ወንድሞቹ መኪናዋን ነድተው ይወስዷታል። ሁለት ጊዜ መጥተው ቁልፉን ጠይቀውኛል። ለልጅቷ አይንገሯት። መኪናዋ እንከን የላትም፤ ደግፌ ራሱ ተናግሯል። ትነዳታለች። ማን ያውቃል?»

ማንም እንደማያውቅ እኔም አውቅ ነበር። ከሥር የምሕረት ድምፅ መጣ። «እማማ፣ ውልና ማስረጃው ለምሳ ሳይዘጋ እንድረስ።»

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ደረጃውን የወረድኩት ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ ይህችም ሴት ልጆቿን ታሳድጋለች ብዬ ነበር። ከታች ስደርስ ምሕረት እጇን ዘርግታ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። በዚያች ቅጽበት ሐሳቤ ተለወጠ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ በደንብ መናገር አልችልም።

«ውል የለም» አልኩ። «የመኪናዋ ባለቤት ሞቷል።»

ከድር ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ትዕግሥት ግድግዳውን ተደገፈች።

«ማን ነገረሽ?» አለች ምሕረት።

«ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ።»

ምሕረት ወደ ከድር ዞረች። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«የሆነ ነገር ሰምቼ ነበር» አለ። የቀድሞው ድምፁ አልነበረም። «አልጠየቅሁም። ደላላ ሁሉን ከጠየቀ ምሳ አይበላም፣ እህቴ። ቀብድሽን አሁኑኑ እመልስልሻለሁ።»

ምሕረት ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «ታዲያ ምን ይሁን? መርካቶ ውስጥ ግማሹ መኪና በውክልና ነው የሚነዳው። የስም ማዛወሪያ ግብር ላለመክፈል ብለው አሥር ዓመት በሰው ስም የሚነዱ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ባለቤቱ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚጠይቅ አለ? አለ ወይ፣ ከድር?»

«የለም» አለ ከድር።

«እኔ ላይ ሲደርስ ነው የሚጠየቀው? ሰኞ መኪና ይዤ ካልሄድኩ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አንቺ፣ እማማ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ወረቀት ስትፈሪ ነው የኖርሽው።»

«ወረቀት ፈርቼ አይደለም» አልኳት። «ይህንኑ ነገር ስላደረግሁት ነው።»

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን እዚያ ደረጃ ሥር፣ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች «መንገድ፣ መንገድ» እያሉ በመካከላችን ሲያልፉ ተናገርኩ። ባሌ በሞተ በሁለት ወሩ ነበር። ሩቅ መንገድ ስለሚሄድ ሙሉ ውክልና ሰጥቶኝ ነበርና ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። የጭነት መኪናው ደጃፌ ቆሟል። አንድ ደላላ «መሞቱን ወረቀቱ አያውቅም» አለኝ። ጥቁሬን አወለቅሁና ከጎረቤት አረንጓዴ ቀሚስ ተውሼ ሄድኩ። ባልሽ የት ነው ሲሉኝ አሰብ መንገድ ላይ ነው አልኩ። የገዛው ታደለ የሚባል ሾፌር ነበር። ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ ኢንሹራንስም ገብቶ ሥራ ጀመረ። በዓመቱ ሰው ገጨ። ጉዳዩ ሲመረመር የሸጥኩለት በሞተ ሰው ውክልና መሆኑ ታወቀ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ታደለ ታሰረ፤ ለካሣው ቤቱ ተሸጠ። ሚስቱ አንድ ቀን ጠዋት እቤቴ መጣች። «እሱ የገዛው፣ ባልሽ በሕይወት አለ ስላልሽው ነው፤ ይህን ቀርበሽ መስክሪለት» አለችኝ። እንደዋሸሁ ብናገር እኔም እጠየቃለሁ፤ ልጆቼ ያለ ሰው ይቀራሉ። የማውቀው ነገር የለም ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ስጨርስ ከድር ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ትዕግሥት ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

«እናቴ ታውቃለች?» አለች ምሕረት።

«የተማረችው በዚያ ገንዘብ ነው። አታውቅም።»

«ሰውየውስ?»

«ተፈትቶ አማኑኤል አካባቢ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ይውላል ይላሉ።»

«ከቤታችን በእግር የሚሄድበት ነው።»

«አዎ።»

«ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሠላሳ ሦስት» አልኳት።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ምሕረት ያን ሥራ አጣችው። እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ እዚያው ፋርማሲዋ ሠራች፤ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ለሚያስፈልገው ነገር ብቻ ነበር። ለእናቷ እኔው ራሴ ደሴ ሄጄ ነገርኳት። ትዕግሥት ፍርድ ቤት ስትቀርብ ከድርና እኔ ከምስክሮቿ ሁለቱ ሆንን፤ ሚስትነቷና የልጆቿ ወራሽነትም ተረጋገጠ። የባሏ ወንድሞች ሙግት አንሥተው ብዙ አደከሟት እንጂ ቁልፉ ከእጇ አልወጣም። በኋላ መኪናዋን በራሷና በልጆቿ ስም ለሌላ ሰው ሸጠች። ከድር ዛሬም ደላላ ነው። ሊብሬ ሲሰጡት «ሰውየው ራሱ ይምጣ» ይላል አሉ፤ በዚህም ገበያ ቀንሶበታል።

ምሕረት በመጨረሻ የገዛቻት መኪና ከዚያችኛዋ ያነሰች፣ መስኮቷ በእጅ የሚሽከረከር፣ ቀለሟ እሷ የማትወደው ናት። ሻጩ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ራሳቸው መጥተው፣ መታወቂያቸውን አሳይተው ፈረሙላት። ለልጆቻችሁ መኪና ስትፈልጉ ሞተሩን የሚያይላችሁ ሰው አታጡም። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ በዓይናችሁ እዩት። ካልተገኘ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ተመለሱ። ውክልናውን ይዛ የቆመችውንም ሴት ሌባ ናት ብላችሁ አትቸኩሉ። ምን እንዳሳደዳት ጠይቋት። እኔን በጊዜው የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝ እውነቱን እናገር እንደነበር ግን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ለብዙ ዓመታት ዝም ማለቴን ጨዋነት አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ። ሰው ስለ ቃሌ ሲመሰክር ዝም ያልኩት አፍሬ እንደሆነ የገባኝ በዚያ ረቡዕ ነው። ያወቅሁት ግን እንዲህ በቃላት አስተካክዬ አይደለም። ያን ሰዓት የማውቀው ወዴት እንደምሄድ ብቻ ነበር።

ያን ረቡዕ፣ እዚያው ደረጃው ሥር፣ ከድር ቁልፉን ለትዕግሥት መለሰላት። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ቢጫውን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። ምሕረት የደረጃው መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ቦርሳዬን ከአጠገቧ አነሣሁ። ከሕንጻው ወጥቼ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ሄድኩ።